ጀልባ አይሮጥም፦ «ራን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚረዳ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሕር ዳር ከሚገኙት የጀልባ መሳፈሪያዎች በአንዱ የሚሰቀል ሰሌዳ በሁለት ቋንቋ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ተዘጋጅቶ የተሰጠኝ ሲሆን፣ ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ ጀልባው በየቀኑ ወደ ዘጌ አገልግሎት እንደሚሰጥ የሚገልጽ ነበር፤ ግሡም «ራን» ነው። እኔ «ራን ማለት ሮጠ ማለት ነው» ተብሎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍልኝ ያደግሁ ሰው በመሆኔ፣ ብዙም ሳላመነታ «ጀልባው በየቀኑ ወደ ዘጌ ይሮጣል» ብዬ ጽፌ አስረከብሁ። ሰሌዳው በተሰቀለ በማግስቱ አንድ አረጋዊ ጀልባ ነጂ አስጠርተው፣ «አንተ ልጅ፣ ይቺ ጀልባ እግር ያወጣችው መቼ ነው?» አሉኝ። «አያ፣ እንግሊዝኛው እንዲህ ስለሚል ነው» ብዬ ላስረዳቸው ብሞክር፣ «እንግሊዝኛው የፈለገውን ይበል፤ እሷ ትመላለሳለች እንጂ አትሮጥም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሰሌዳው ወርዶ እንደገና ተጻፈ፤ የቀለሙንም ዋጋ ከኪሴ ከፈልሁ።

እኒያ ሰው «ራን» ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም፤ ሊያውቁም አልፈለጉም። የሚያውቁት ጀልባ የምታደርገውን ነገር በአማርኛ የሚጠራው ግሥ የትኛው እንደሆነ ነው። ይህ ግሥ በየዕለቱ የሚያጋጥመው አስጎብኚ፣ የሆቴል ሠራተኛ፣ ተርጓሚ ወይም ተማሪ ሊከተለው የሚገባው መንገድም ይኸው ይመስለኛል። «ራን ምን ማለት ነው?» ብሎ ከመነሳት ይልቅ «ራን የተባለው ማን ወይም ምን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ስለዚያ ነገር አማርኛ ተናጋሪ ሁልጊዜ የሚለውን ግሥ ማምጣት ይሻላል።

የፍቺውን ብዛት በቃል ለማጥናት የሚያስብ ሰው ካለ፣ አስቀድሞ ቁጥሩን ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛው እትም በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ረጅሙን ማብራሪያ የያዘው «ሴት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ነበር፤ 430 ያህል ፍቺ ተዘርዝሮለታል። (ማስቀመጥና ማዘጋጀት ከሚሉት ፍቺዎች የሚጀምር ግሥ ነው፤ ከእኛዋ «ሴት» ጋር ዝምድና የለውም።) ለሦስተኛው እትም ክለሳ ሲደረግ ግን «ራን» ቀደመው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. እንደተነገረው ግሡ ብቻውን 645 ፍቺ ተቆጥሮለታል። ባቡር፣ ሞተርና ኮምፒዩተር በየተራ ሲመጡ እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ አዲስ ግሥ አላበጀም፤ ይህንኑ አሮጌ ቃል እየጎተተ በላያቸው ጫነው። ቃሉ ከመነሻውም ቢሆን በእግር ሩጫ ብቻ የታሰረ አልነበረም። በጀርመንኛ የሚገኘው የቅርብ ዘመዱ «ሪነን» ዛሬም መፍሰስ ወይም መንጠብጠብ ማለት ነው።

ይህን ሰምቶ «እንግሊዞች ቃል አጥሯቸው ነው» ብሎ መሳቅ ይቀናል። እኛም ግን ከዚህ አንድንም። ዓሣ አጥማጁ ቀረሶ ያዘ፤ ሲመለስ ዝናብ ያዘው፤ ቤቱ እንደገባ ጉንፋን ያዘው፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወረፋ ያዘ፤ ሐኪሙ ለሳምንት ቀጠሮ ያዘለት፤ ወረፋውን በቀደመው ሰውም ላይ ቂም ያዘ። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው «ያዘ» ማለት «በእጅ ጨበጠ» ማለት ነው ብሎ ቢነሳ፣ ከስድስቱ አንዱን እንኳ በቅጡ አያገኘውም። እኛ የማንቸገረው የፍቺዎቹን ዝርዝር ስለምናውቅ አይደለም፤ ከግሡ አጠገብ ዝናብ፣ ወረፋ ወይም ቂም መኖሩን ስለምናይ ነው። በ«ራን» ላይም ማየት ያለብን ጎረቤቱን ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን መለየት

የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ሲያገኙ «ራን» የሚለውን ቃል በጣትዎ ሸፍነው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ብቻ ይመልከቱ። ባለቤቱ እግር ያለው ፍጡር ከሆነ፣ ሰውም ይሁን ውሻ፣ «ሮጠ» በአብዛኛው ያስኬዳል፤ በዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ችግሩ የሚጀምረው ባለቤቱ እግር የሌለው ሲሆን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን ውሃ ነው፤ በጣና ዳር ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ክፍል ከሁሉም ይሰፋበታል። ወንዝ በአማርኛ ይፈሳል ወይም ይወርዳል። ወደ ሐይቅ የሚሄድ ከሆነ ግን ይገባል፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ጣና ይገባሉ። ዓባይ ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ከጣና ይወጣል። እንግሊዝኛ ለመግባቱም ለመውጣቱም «ራን» ሊል ይችላል፤ አቅጣጫውን የሚነግረን ከኋላው የምትከተለው ትንሽ ቃል ናት። አስጎብኚዎች ለእንግዳ ደጋግመው የሚነግሩት አፈ ታሪክ፣ ዓባይ ከጣና ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ሐይቁን ሰንጥቆ ያልፋል የሚለው ነው። ይህም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ በዚሁ ግሥ ይጻፋል። «ዓባይ በሐይቁ ውስጥ ይሮጣል» ብሎ የሚተረጉም ሰው የአፈ ታሪኩን ነፍስ ያወጣዋል፤ ነገሩ ያለው «ሰንጥቆ ያልፋል» በሚለው ላይ ነውና።

ከወንዝ ወጥተን ወደ ቤት ስንገባ ውሃው ሌላ ግሥ ይጠይቃል። አፍንጫ ይፈሳል፤ ዕንባ ይወርዳል፤ በመዘጋት ፈንታ ክፍት የተተወ ቧንቧ ደግሞ «ይፈሳል» ቢባልም፣ «ቧንቧውን ክፍት ትተኸዋል» ማለት ለሰሚው ይቀርባል። ምንጭ ወይም የወተት ላም ሲደርቅ እንግሊዝኛው «ራን ድራይ» ይላል፤ ለሁለቱም «ነጠፈ» የሚል ያማረ ግሥ ስላለን «ደረቀ» ከማለት በፊት እርሱን ማስታወስ ደግ ነው። አዲስ ነጠላ ከነጭ ልብስ ጋር ተነክሮ ሲታጠብ የጥለቱ ቀይ ወደ ነጩ ሲዛመት የሚታየውንም ነገር እንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራዋል። እናቶቻችን «ጥለቱ ቀለም ለቀቀ» ይላሉ፤ ቀለሙ ፈሰሰም፣ ሮጠም አይሉም። በእንግዳ መቀበያ የልብስ እጥበት ማሳሰቢያ ላይ መጻፍ ያለበት «ለቀቀ» የሚለው ነው።

በዚሁ ላይ ስለ ሆቴሎች አንድ ነገር ልጨምር። «ራኒንግ ዎተር» የሚለው ሐረግ በእንግሊዝኛው የሆቴል መግለጫ ላይ ሲገኝ ክፍሉ የቧንቧ ውሃ እንዳለው ብቻ ይናገራል። «ወራጅ ውሃ ያለው ክፍል» ተብሎ የተተረጎመ አንድ ማስታወቂያ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ላይ ይህን ያነበበ እንግዳ ከአልጋው ሥር ምንጭ የሚፈልቅ ሊመስለው ይችላል። በአንጻሩ ስለ ዓሣ ወይም ስለ ጤና በሚጻፍ ጥናት ላይ ያው ሐረግ ሲመጣ፣ ከረጋ ውሃ ጋር የሚነጻጸረውን ማለቱ ነውና «ወራጅ ውሃ» ትክክለኛው ፍቺ ይሆናል። ቃሉ አንድ፣ ጽሑፉ ሁለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መሣሪያ ነው። ሞተር ይሠራል፤ ሲጀምር ይነሳል፤ ሲቆም ይጠፋል። የሚገርመው፣ አማርኛ ብዙ ጊዜ «ሞተሩ እየሠራ ይቆይ» ከማለት ይልቅ «ሞተሩን እንዳታጠፋው» ማለትን ይመርጣል። እንግሊዝኛው አዎንታ ሆኖ አማርኛው አሉታ መሆኑ አያስጨንቅዎ፤ ለጀልባ ነጂ የሚነገረው መልእክት አንድ ነው። ስልክ በባትሪ ይሠራል፤ ሰዓት ግን ሲፈጥን «ይቀድማል»፣ ሲዘገይ «ወደ ኋላ ይቀራል» ይባላል። ከኃይል ማመንጫ ጋር በተያያዘ «ራን ኦፍ ሪቨር» የሚል የሙያ ቃልም አለ፤ ከፏፏቴው አጠገብ ስላለው የጢስ ዓባይ ማመንጫ የሚያነብ ሰው ሳያጋጥመው አይቀርም። ቃሉ የሚያመለክተው የራሱ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ሳይኖረው በሚያልፈው የወንዝ ፍሰት ተርባይን የሚያዞር ማመንጫን ነው። ስለዚህ «በወንዝ ፍሰት የሚሠራ ማመንጫ» ብሎ ማስፈር ይበቃል። «የወንዝ ሩጫ ማመንጫ» የሚለውን ግን እባክዎ ይተዉት።

መንገድ፣ አጥር፣ ስንጥቅና የኤሌክትሪክ መስመር ከቦታ ሳይነቃነቁ «ራን» ይባላሉ። በአማርኛም ቢሆን መንገድ ሳይንቀሳቀስ ይሄዳልና ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የሐይቁን ምሥራቃዊ ወገን ይዞ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ያልፋል። (ይኸው «ያዘ» እንደገና መጣ።) ስንጥቅ ከጣሪያ እስከ ወለል ይወርዳል፤ አጥር ግቢውን ይዞራል። ጊዜን በሚመለከት ደግሞ ፊልም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ውል ሦስት ዓመት ይጸናል፣ ስብሰባ ከተባለለት ሰዓት ያልፋል። ጠባይ ወይም በሽታ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ «በዘር ይወርዳል» እንላለን። ወሬ ይናፈሳል።

ስለ ምርጫም እናንሳ። አሜሪካዊው ለምክር ቤት «ራን» ሲል እንግሊዛዊው ለዚያው ነገር «ስታንድ» ይላል፤ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይቆማል ማለት ነው። የእኛ እጩ ግን አይሮጥም፣ አይቆምም፤ ይወዳደራል።

ተሳቢ ካለው ተሳቢውን መመልከት

ባለቤቱ ሰው ሆኖ ከግሡ በኋላ ያለ መስተዋድድ የተቀመጠ ስም ካገኙ፣ ሰውየው እየሮጠ እንዳልሆነ ይወቁ። ያን ነገር ያስኬደዋል፣ ያሠራዋል፣ ይመራዋል ወይም ይዘረጋዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ተሳቢው ይዞራል።

ሆቴልን እንውሰድ። ትልቅ ሆቴል የሚመራ ሰው «ያስተዳድራል» ቢባል ተገቢ ነው። በሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ግን በእንግሊዝኛ በዚያው ግሥ ብትገለጽም፣ «አነስተኛ የዓሣ ምግብ ቤት ታስተዳድራለች» የሚለው አማርኛ ደብዳቤ ያስመስለዋል። ሰፈርተኛው «ዓሣ ቤት አላት» ይላል፤ ቤቱ የሌላ ሰው ሆኖ ሥራውን የያዘችው እርሷ ከሆነች «የምታሠራው እሷ ናት» ይላል። የእንግሊዝኛው ግሥ የባለቤትነትን ነገር ክፍት ስለሚተወው፣ ተርጓሚው ከቀረው ጽሑፍ ማን ባለቤት፣ ማን ሠራተኛ እንደሆነ ሳያጣራ አንዱን መምረጥ የለበትም። ቤተሰብ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ቤተሰብ ያስተዳድራል» በአማርኛ በገቢው ያኖራል፣ ቀለብ ይሰፍራል ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው የቤት ውስጥ ሥራን ስለሚያቀናጅ ሰው የሚናገር ከሆነ «ቤቱን የምትመራው እሷ ናት» ማለት ይሻላል።

ሌሎቹን በአጭሩ ላስኪዳቸው። ምርመራ ይደረጋል፣ ማስታወቂያ ይነገራል ወይም ይወጣል፣ ገመድና መስመር ይዘረጋል፣ ለገላ መታጠቢያ ውሃ ይሞላል፣ ከብት ይረባል፣ ኮንትሮባንድ በድብቅ ይሻገራል፣ መልእክት የሚያደርስ ልጅ ይላላካል። ትኩሳት ያለበት ሰው «አተኩሶታል» ይባላል። እጁን በጨርቅ ላይ ያሳለፈ ሰው ዳሰሰው፤ ዓይኑን በወረቀት ላይ ያሳለፈ ሰው ገረፍ ገረፍ አድርጎ አየው። የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በተመለከተ ሁለት ነገር መለየት ይገባል። ሰው ፕሮግራሙን ሲያስጀምር «ከፈተ» ወይም «አስነሳ» ይባላል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ከተከፈተ በኋላ ግን «ይሠራል»። ወጣቶቹ «ራን አደረግሁት» ይላሉ፤ በንግግር አልነቅፈውም፣ በመመሪያ ጽሑፍ ላይ ግን አላስገባውም።

ከግሡ በኋላ ያለችውን ትንሽ ቃል አለመርሳት

የግሡን ፍቺ ከሥሩ የሚገለብጡት «አውት»፣ «ኦቨር»፣ «ኢንቱ» እና «ዳውን» የሚሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። ከእነዚህ መካከል በከተማችን የምግብ ቤት ሰሌዳዎች ላይ ብዙ ጥፋት ያደረሰው «ራን አውት» ስለሆነ በእርሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

በዐቢይ ጾም፣ የዓሣ ፈላጊ በሚበዛበት ሰሞን፣ አንድ ምግብ ቤት ዓሣ እንዳለቀበት በስልክ ትርጉም አዘጋጅቶ በሩ ላይ የለጠፈውን ወረቀት አንብቤያለሁ፤ «ከዓሣ ሮጠን ወጥተናል» ይላል። አሳላፊዎቹ ከቀረሶ ሸሽተው የወጡ ይመስላል። ስሕተቱ ከቃሉ ፍቺ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከዓረፍተ ነገሩ አሠራር የመጣ ነው። በእንግሊዝኛው ባለቤቶቹ እኛ ነን፤ ዓሣው በመስተዋድድ ተንጠልጥሎ ከኋላ ይመጣል። በአማርኛ ግን ያለቀው ነገር ራሱ ባለቤት ይሆናል፤ የተጎዳው ሰው በግሡ ጫፍ ላይ በምትቀመጥ ቅጥያ ይጠቀሳል። ዓሣ አለቀብን፣ ብር አለቀብኝ፣ ባጃጁ ቤንዚን አለቀበት እንላለን። ስለዚህ «ራን አውት» ሲያጋጥምዎ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጠው ያለቀውን ነገር ወደ ፊት ያምጡት፤ ሰውየውን በ«-ብኝ»፣ በ«-ብን»፣ በ«-በት» ያስገቡት።

ያም ሆኖ ሦስት ምርጫ ይቀርዎታል፤ ሦስቱም ለሰሚው አንድ አይደሉም። «ዓሣ አልቋል» የሚለው ለማንም ያላደላ ማስታወቂያ ነው፤ ለሰሌዳ ይህ ይበቃል። «ዓሣ አልቆብናል» የሚለው ውስጥ ቅሬታ አለበት፤ አሳላፊዋ ለእንግዳው ስትናገር ይህን ብትል ይቅርታው አብሮ ይሰማል። «ዓሣ ጨርሰናል» የሚለው ደግሞ ሥራውን ራሳችን እንደፈጸምነው ያስመስላል፤ ከራበው መንገደኛ ፊት ባይነገር እመርጣለሁ። ቪዛ ወይም ውል በዚሁ ቃል ሲነገርበት ዕቃው አያልቅም፤ «ጊዜው አልፏል» ወይም «አብቅቷል» ይባላል። ትዕግሥት ግን እንደ ዓሣው ያልቃል።

«ራን ኦቨር» እንደ ባለቤቱ አራት ቦታ ይከፈላል። መኪና በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ከወጣ «ዳጠው»፣ መትቶ ከጣለው «ገጨው» ነው፤ ለሕግ ጽሑፍ ልዩነቱ ከባድ ስለሆነ እንግሊዝኛውን ደጋግመው ይመልከቱ። ብርሌ «ሞልቶ ፈሰሰ»፤ ስብሰባ «ከሰዓቱ አለፈ»፤ ንግግሩን አንድ ጊዜ የሚያይ ሰው ደግሞ «ከለሰው»። «ራን ኢንቱ» ከሰው ጋር ሲሆን ድንገት መገናኘት ነው፤ ከግድግዳ ጋር ሲሆን መጋጨት ነው፤ ከችግር ጋር ሲሆን «ገጠመው» ነው፤ ከገንዘብ ጋር ሲሆን «እስከዚህ ይደርሳል» ነው። «ራን ዳውን» ለባትሪ «ደከመ»፣ ለቤት «አረጀ»፣ ለሰው ሲሆን ደግሞ እንደ አገባቡ «ዛለ» ወይም «አጣጣለው» ይሆናል።

ስም ሆኖ ሲመጣ

ግሡ ወደ ስምነት ሲቀየር «ሩጫ» ብሎ የመጻፍ ፈተና ይበረታል። «ኢን ዘ ሎንግ ራን» የሚለውን «በረጅሙ ሩጫ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ «ውሎ አድሮ» የሚለውን የራሳችንን ሐረግ ለምን እንደሚተዉት አይገባኝም። «ድራይ ራን» ሙሉ ዝግጅቱ ሳይጀመር የሚደረግ ሙከራ ወይም ልምምድ ነው፤ ደረቅነትም ሩጫም የለበትም። የመጽሐፍ «ራን» በአንድ ጊዜ የታተመው ቅጂ ብዛት ነው፤ የባንክ «ራን» ደግሞ አስቀማጮች ሁሉ ገንዘባቸውን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ወደ ባንኩ ሲጎርፉ የሚሆነው ነው። እዚህ ላይ «ጎረፉ» የሚለው ግሥ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሥዕል ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

የዓሣው ነገር ግን ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ስለ ጣና በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ጥናቶች ላይ፣ በተለይ ዓሣ አጥማጆቻችን ነጭ ዓሣ ስለሚሉት ወገን ሲነገር፣ «ስፖኒንግ ራን» የሚል ሐረግ ደጋግሞ ይመጣል። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት፣ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ከሐይቁ ተነስተው እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠር ባለበት፣ ጥሩ ውሃ በሚወርድበት ቦታ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ሐረጉ የሚጠራው ይህን በመንጋ ሆኖ ሽቅብ የመውጣት ጉዞ ነው። «የመራቢያ ሩጫ» ብሎ የተረጎመ ሰው ሁለት ነገር ያጠፋል። አንደኛ፣ ዓሣ በአማርኛ ይዋኛል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል እንጂ አይሮጥም። ሁለተኛ፣ ዋናው ነገር ፍጥነቱ ሳይሆን አቅጣጫውና ወቅቱ ነው። ስለዚህ «ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣበት ወቅት» ብሎ ማብራራት ይሻላል። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ዕንቁላል የያዘውን ዓሣ ከመንገድ ስለሚያስቀረው፣ ማሳሰቢያ ሲጻፍ አጥማጁ የትኛው ወቅትና የትኛው ቦታ እንደተባለ ሳይጠራጠር መረዳት አለበት። «በመራቢያ ሩጫ ጊዜ ማጥመድ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ይዞ አጥማጅ ፊት የሚቆም ሰው፣ «የምን ሩጫ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያጥረዋል።

ከጻፉ በኋላ መፈተን

ትርጉምዎን ሲጨርሱ እንግሊዝኛውን አጥፈው ያስቀምጡትና አማርኛውን ብቻ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። ከተቻለ እንግሊዝኛ ለማያውቅ፣ ነገሩን ግን ለሚያውቅ ሰው ያንብቡለት፤ የጀልባውን ለጀልባ ነጂ፣ የጨርቁን ለልብስ አጣቢ፣ የወንዙን ለገበሬ። ሰውየው ሳይጠየቅ ግሡን ቢያርምዎ እርማቱን ወዲያው ይጻፉት፤ ያረመዎት በሙያው ነው። የስልክ መተርጎሚያን የሚጠቀሙ ከሆነም ቃሉን ለብቻው አያስገቡት፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ይስጡት። ያም ሆኖ የመጣውን ሳያዩ አይለጥፉ፤ ከዓሣ የሸሸው ምግብ ቤት የተያዘው በዚህ ነው።

ማስታወሻ ደብተር ቢይዙ ደግሞ ፍቺዎቹን በቁጥር አይደርድሯቸው። 645 ድረስ የሚቆጥር ደብተር ማንም አያነበውም። እኔ ገጹን ለሁለት ከፍዬ በግራ በኩል የነገሩን ስም፣ በቀኝ በኩል አማርኛ ለእርሱ የሚሰጠውን ግሥ እጽፋለሁ፤ ጀልባ፣ ትመላለሳለች፤ ጥለት፣ ቀለም ይለቃል፤ ምንጭ፣ ይነጥፋል፤ እጩ፣ ይወዳደራል። ይህ ደብተር ከ«ራን» ውጭም ያገለግላል፤ «ሴት»፣ «ጌት» እና «ቴክ» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ግሦች ሲመጡ ግራው ዓምድ እንዳለ ሆኖ ቀኙ ብቻ ይጨመርበታል።

ባለፈው ወር አንድ እንግዳ በጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ላይ፣ ፔሊካን ከመብረሯ በፊት በውሃው ላይ «ራን» እንዳለች የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አጋጠመኝ። ወፏ እግር ስላላት «ሮጠች» ብዬ ላልፈው ነበር፤ ሆኖም ውሃ ላይ መሮጧ ደስ አላለኝም። በዳሩ ላይ መረብ ይጠግን የነበረውን ወጣት፣ «ወንድሜ፣ እንዲህ ክንፏን እያርገበገበች ውሃውን እየረገጠች ስትነሳ ምን ትሉታላችሁ?» አልሁት። ከመረቡ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «እያኮበኮበች ነው» አለኝ። በግራው ዓምድ ወፍ፣ በቀኙ «አኮበኮበች» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩም የአውሮፕላኑን ማኮብኮቢያ ጨመርሁበት፤ እንግሊዝኛው እሱንም የሚጠራው በዚሁ በ«ራን» ነውና።